ክፍት የቅልጥም ስብራትና ኢንፌክሽን፦ ከድንገተኛ ክፍል በር እስከ መጨረሻው ክትትል

ቅልጥማችሁን ከፊት በኩል በጣት ብትዳስሱት በአጥንቱና በቆዳው መካከል ሥጋ የሚባል ነገር የለም። ባጃጅ የተገለበጠበት፣ ሞተር ሳይክል የጣለው፣ ከሕንፃ ሥራ ላይ የወደቀ ሰው ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳ ቀድዶ ወጥቶ የምናገኘው አጥንት ቅልጥም የሚሆነው ለዚህ ነው። በተቀደደው በኩል አፈር፣ የሱሪ ጨርቅ ቁራጭና የመንገድ ጠጠር ይገባል፤ ባክቴሪያውም አብሮ ይገባል።

ይህ መመሪያ በድንገተኛ ክፍል፣ በኦፕራሲዮን ክፍልና በአጥንት ዋርድ ለሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ነው። የመድኃኒት መጠኖቹ ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ የተሰጡ ናቸው። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለኩላሊት ሕመምተኛ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የሚመራው ነጥብ ይቅደም። አንቲባዮቲክ የሚደርሰው ደም በሚደርስበት ቦታ ነው። የሞተ ጡንቻ፣ የሞተ አጥንትና ስብራቱን ለመያዝ የገባው ብረት ደም የላቸውም። ባክቴሪያ ብረት ላይ ሲያርፍ በሰዓታት ውስጥ ይጣበቃል፤ ከዚያም ባዮፊልም የሚባል የሚያሟልጭ ሽፋን ሠርቶ በውስጡ ይደበቃል። ሽፋኑ ከጠነከረ በኋላ ላቦራቶሪው ይገድለዋል ያለውን መድኃኒት በሙሉ መጠን ብትሰጡም ባክቴሪያው አይሞትም። ስለዚህ መርፌው የእጅ ሥራውን ያግዛል እንጂ አይተካውም። «ሴፍትሪያክሶን ላይ ነው» ተብሎ ሳይታጠብ ሦስት ቀን የተኛ ክፍት ስብራት ሕክምና ጀምሯል ሊባል አይችልም።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት

ቅድሚያ የሕይወቱ ነው፤ የአየር መንገዱን፣ ትንፋሹን፣ የደም መፍሰሱን አስተካክሉ። ደም ሥር ተከፍቶ ደም ሲወሰድ በዚያው መስመር አንቲባዮቲኩ ይጀመር። ራጅ አይጠበቅም፣ ካርድ አይጠበቅም፣ ቤተሰብ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ እስኪመጣም አይጠበቅም። የሚያዘገየን ብዙውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ በድንገተኛ ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢያንስ ለአምስት በሽተኛ የሚበቃ የመጀመሪያ ዶዝ ይቀመጥ፤ ቤተሰብ በኋላ ገዝቶ ይተካ። ተረኛ ነርሷ ፈረቃ ስትረከብ እንደ ኦክስጅን ሁሉ ይህንንም ቆጥራ ትረከብ።

ምን ይሰጥ? ቁስሉ ትንሽና ንጹህ ከሆነ ሴፋዞሊን 2 ግራም በደም ሥር በየ8 ሰዓቱ ይበቃል፤ ከ120 ኪሎ በላይ ለሚመዝን 3 ግራም። ቁስሉ ሰፊ፣ የተጨፈለቀ ወይም በጣም የቆሸሸ ከሆነ ሁለት አማራጭ አለ፦ በሴፋዞሊኑ ላይ ጄንታማይሲን 5 ሚሊ ግራም በኪሎ በቀን አንድ ጊዜ መጨመር፣ ወይም በምትካቸው ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ። ብዙ ደም የፈሰሰውና ሽንቱ የቀነሰ በሽተኛ ላይ ጄንታማይሲን ኩላሊት ይጎዳል፤ እዚያ ላይ ሴፍትሪያክሶኑ ይሻላል። የእርሻ አፈር፣ የከብት እበት ወይም የፍሳሽ ውኃ የገባበት ቁስል ሲሆን ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ጨምሩ፤ በጥልቅ ሥጋ ውስጥ ያለ አየር የሚያድጉትን ባክቴሪያዎች የሚመታው እሱ ነው።

ሴፋዞሊን እያለ ለትንሹም ለትልቁም ሴፍትሪያክሶን መስጠት ልማድ ሆኗል። የትንሽ ቁስል ዋና ጠላት ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው፤ እሱን ደግሞ ሴፋዞሊን ከሴፍትሪያክሶን የበለጠ ይመታል። ሴፍትሪያክሶን ያለ አግባብ በተሰጠ ቁጥር ደግሞ በዋርዱ ውስጥ የሚቀሩት የማይበገሩት ናቸው።

ከዚያ የቴታነስ ክትባት። ሴቶች በእርግዝና ክትትል ይከተባሉ፤ አዋቂ ወንድ ግን ብዙ ጊዜ የተከተበበትን አያስታውስም። ሦስት ዶዝ መውሰዱ ካልታወቀ ክትባቱ 0.5 ሚሊ ሊትር በአንድ ክንድ፣ ፀረ ቴታነስ ሴረም 1500 ዩኒት በሌላው በኩል ይሰጥ። ሴረሙ ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ስለሆነ በትንሽ ዶዝ ፈትኑ፣ አድሬናሊንም ተስቦ በአጠገባችሁ ይሁን። ሦስቱን ጨርሶ የመጨረሻው ከ5 ዓመት በላይ ከሆነው ክትባቱ ብቻ ይበቃዋል።

ቁስሉን እዚያው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አትቆፍሩ። በዓይን የሚታየውን ቅጠልና ጠጠር አንሱ፤ በሽተኛውን አስፈቅዳችሁ በስልክ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ አንሱ፤ በሳላይን የራሰ ጎዝ አልብሱት፤ እግሩን አቅንታችሁ ባክ ስላብ በሚባለው የጀሶ ድጋፍ ደግፉት፤ ከማቅናቱ በፊትና በኋላ የእግር ምቱንና የጣቶቹን ስሜት መዝግቡ። ፎቶው የሚያስፈልገው ቀጥሎ የሚመጣው ሐኪም ሁሉ ፋሻውን እየፈታ እንዳያይ ነው። በአንድ ማታ አራት ጊዜ የተፈታ ፋሻ የዋርዱን ባክቴሪያ አራት ጊዜ ይጋብዛል።

አንዳንዱ በሽተኛ ወጌሻ ዘንድ ደርሶ ነው የሚመጣው። ቀርከሃው ጥፍንግ ተደርጎ ታስሮ ከሆነ ወዲያው ፍቱ፤ ጣቶቹ ቀዝቅዘው ወይም ጠቁረው እንደሆነ እዩ። ቁስሉ ላይ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር ተደርጎበት ከሆነ በጣም የቆሸሸ ቁስል ተብሎ ይያዝ። ቤተሰቡን አትቆጡ፤ የተቆጣችሁት ቤተሰብ በሚቀጥለው ጊዜ መቼና የት እንደታሰረ አይነግራችሁም። ለሕክምናው ደግሞ ያ መረጃ ያስፈልጋል።

ደረጃ መስጠት

ጉስቲሎና አንደርሰን የተባሉ የአጥንት ሐኪሞች በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ሦስተኛው ደረጃ በ1984 እ.ኤ.አ. የተከፋፈለው አመዳደብ ዛሬም የምንግባባበት ነው። ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰና ንጹህ ቁስል አንደኛ ደረጃ፤ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሥጋው ብዙ ያልተጎዳ ሁለተኛ፤ ከ10 በላይ ወይም በከባድ ኃይል የተጨፈለቀ ሦስተኛ ነው። ሦስተኛው ራሱ ሦስት ነው፦ «ሀ» አጥንቱን የሚሸፍን ሥጋ የተረፈለት፣ «ለ» ከሌላ ቦታ ሥጋ ካልመጣለት የማይሸፈን፣ «ሐ» ካልተጠገነ እግሩ የማይተርፍ የደም ቧንቧ ጉዳት ያለው። ትክክለኛው ደረጃ የሚሰጠው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ፣ ከታጠበና ከተቆረጠ በኋላ ነው። ከውጭ 2 ሴንቲ ሜትር የምትመስል ቀዳዳ ከሥር የተፈጨ ጡንቻ ልትይዝ ትችላለች።

መታጠቡና የሞተውን ማውጣቱ

የቅልጥም ስብራት ከኢንፌክሽን የሚድንበት ቦታ ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በነሐሴ 1865 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር ጀርም የሚገድል ፈሳሽ በቁስል ላይ ሲሞክር የያዘው የአንድ የ11 ዓመት ልጅ እግር፣ የጋሪ ጎማ የሄደበት ክፍት የቅልጥም ስብራት ነበር። ያኔ እንዲህ ያለ እግር በአብዛኛው ይቆረጥ ነበር፤ የልጁ ግን ተረፈ።

መቼ? የእርሻ አፈር ወይም ፍሳሽ የገባበት፣ ወይም የደም ዝውውሩ የተቋረጠ ወዲያውኑ። በከባድ ኃይል የተሰበረ በ12 ሰዓት ውስጥ። ሌላው በ24 ሰዓት ውስጥ።

በመጀመሪያ እግሩ በሙሉ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። ከዚያ በአልኮል በተዘጋጀ ክሎርሄክሲዲን ወይም አዮዲን ቆዳው ይቀባ፤ ክፍቱ ቁስል ውስጥ አልኮል እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ቢያንስ 3 ደቂቃ ጠብቁ፣ ይድረቅ። ካልደረቀ ጀርሙን አይገድልም፤ የኤሌክትሪክ መቁረጫው ሲነሳም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ፀጉር መነሳት ካለበት በማሽን ይቆረጥ፤ ምላጭ ቆዳውን በዓይን በማይታዩ ጭረቶች ይሞላዋል።

ቱርኒኬት (ተነፍቶ ደም የሚያቆመው ማሰሪያ) ይታሰር እንጂ ደም ካልበዛ አይነፋ። የሚደማውን ሥጋ ከማይደማው የምትለዩት ደም ሲኖር ብቻ ነው። ቁስሉን በእግሩ ቁመት ወደ ላይና ወደ ታች አስፉት፤ ሁለቱም የአጥንት ጫፎች ወጥተው ይታዩ። ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ በየድርቡ ሂዱ፦ ቆዳ፣ ስብ፣ ፋሺያ የሚባለው የጡንቻ ሽፋን፣ ጡንቻ፣ አጥንት። ጡንቻውን በፎርሴፕስ ቆንጠጥ አድርጉት። ሕያው ጡንቻ ቀይ ነው፣ ሲቆነጠጥ ይኮማተራል፣ ሲቆረጥ ይደማል፣ ሲያዝ አይበጠስም። ጠቆር ያለ፣ እንደ በሰለ ጉበት የሚፈረፈር፣ ዝም የሚል ጡንቻ ግን ሞቷል፤ ይውጣ። ከምንም ሥጋ ጋር ያልተያያዘ፣ በሁለት ጣት ስባችሁት ያለ ችግር የሚወጣ የአጥንት ስባሪም ይውጣ፤ ክፍተት ይፈጥራል ተብሎ የተተወ የሞተ አጥንት ከስድስት ወር በኋላ መግል ይዞ ይጠብቃችኋል። የመገጣጠሚያ ፊት ያለው ትልቅ ስባሪ ብቻ ታጥቦ ሊቆይ ይችላል።

ማጠቢያው ኖርማል ሳላይን ነው፦ ለአንደኛ ደረጃ 3 ሊትር፣ ለሁለተኛ 6፣ ለሦስተኛ 9 ሊትር፤ በ1 ሊትር ከረጢት ሲቆጠር ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ። ከረጢቱን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉትና በሰፊ ቱቦ በራሱ ኃይል ይውረድ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመውና 2447 በሽተኞችን ያየው ትልቅ ጥናት በከፍተኛ ግፊት መርጨት ምንም የተለየ ጥቅም እንደሌለው፣ ሳሙና የተጨመረበት ማጠቢያ ደግሞ ከሳላይን ይልቅ ድጋሚ ቀዶ ጥገና እንዳበዛ አሳይቷል። ስለዚህ ውድ መርጫ የለንም ተብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በቂ ሳላይን መኖሩ ነው የሚያስፈልገው። ብዙዎቻችን ግን ቅደም ተከተሉን እንሳሳታለን፦ በመጀመሪያ ተቆርጦ ይወጣል፣ ከዚያ ይታጠባል። ሞቶ የተቀመጠ ጡንቻ ላይ ዘጠኝ ሊትር ማፍሰስ ሳላይን ማባከን ነው።

ታጥቦ ሲያበቃ ጓንት፣ ጋውንና መሣሪያ ይቀየር። ብረቱ የሚገባው በአዲሱ ነው።

ከዚያ አጥንቱ መቆም አለበት። በሚንቀሳቀስ ስብራት ላይ ደም ሥሮች አይቀጥሉም፣ ባክቴሪያም ይመቸዋል። ቁስሉ ንጹህ ከሆነና ቆዳው ያለ ውጥረት ከተገናኘ ኔይል (በአጥንቱ ቱቦ ውስጥ የሚገባ የብረት ዘንግ) ገብቶ በዚያው ሊዘጋ ይችላል፤ ሲ አርም የሚባለው የኦፕራሲዮን ክፍል ራጅ በሌለበት ጭምር እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀው የሳይን ኔይል ለብዙ ሆስፒታል ይህን አስችሏል። ንጽሕናው የሚያጠራጥር፣ ወይም ቆዳው የማይገናኝ ከሆነ ኤክስተርናል ፊክሳተር (አጥንቱን ከቆዳ ውጭ ሆኖ የሚይዝ ብረት) አስቀምጡና በ48 ሰዓት ውስጥ እንደገና ግቡ። ቆዳን ወጥሮ መስፋት ከክፍት ቁስል የከፋ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ጠርዙ ይጠቁርና ከሥሩ ያለው ብረት ይገለጣል። ፍላፕ (ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሸፋኝ ሥጋ) የሚያስፈልገው «ለ» ደረጃ በ72 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ7 ቀን ውስጥ ይሸፈን። ፍላፕ የሚሠራ ሰው በሆስፒታላችሁ ከሌለ ሪፈሩ በመጀመሪያው ቀን ይጻፍ፤ በአሥረኛው ቀን የሚላክ የተጋለጠ አጥንት ደርቆ ይደርሳል።

አንቲባዮቲኩ መቼ ይቁም? አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ በ24 ሰዓት። ሦስተኛ ደረጃ ቁስሉ ከተሸፈነ 24 ሰዓት በኋላ፣ ወይም በ72 ሰዓት፤ ከሁለቱ በሚቀድመው። ለጥንቃቄ ተብሎ አሥር ቀን ማራዘም ኢንፌክሽንን አይቀንስም። ኢንፌክሽን ሲመጣ ግን የሚመጣው መድኃኒቱን የለመደ ይሆናል።

ቆዳው ያልተቀደደ ስብራት በፕሌት ወይም በኔይል ሲሠራ ነገሩ ያጥራል። ሴፋዞሊን 2 ግራም ከመቆረጡ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ፣ ቱርኒኬት ከመነፋቱም በፊት ተሰጥቶ ይለቅ። ሥራው ከ4 ሰዓት ካለፈ ወይም ደም ከ1500 ሚሊ ሊትር በላይ ከፈሰሰ ይደገም። በ24 ሰዓት ይቁም።

ዋርድ ውስጥ

ንጹህ የተሰፋ ቁስል ፋሻው ካልራሰ 48 ሰዓት ሳይነካ ይቆይ። ሲቀየር ከንጹሁ በሽተኛ ተጀምሮ መግል ባለው ይጠናቀቅ፤ ጋሪው ከአልጋ አልጋ ሲዞር እጅ በየአልጋው መካከል በአልኮል ይታሽ። አንድ ጠርሙስ ሳላይን ተከፍቶ ለመላው ዋርድ ሲዞር ታያላችሁ፤ ያ ጠርሙስ በምሳ ሰዓት የሁሉንም በሽተኛ ባክቴሪያ ይዟል። ድሬይን (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ) ከ48 ሰዓት በላይ አይቆይ።

የፊክሳተር ብረቶች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሲገቡ ነው፦ መሰርሰሪያው ደንዝዞ ወይም በፍጥነት ዞሮ አጥንቱን ካቃጠለ በብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ይሞታል፣ ብረቱም ይላላል። ስለዚህ በሹል መሰርሰሪያ፣ በዝግታ፣ ሳላይን እያንጠባጠባችሁ ቅደዱ፤ ቆዳው ብረቱ ላይ ከተወጠረ ጠርዙን በምላጭ ቁረጡለት። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ በአልኮል ክሎርሄክሲዲን፣ ከሌለ በሳላይን ይጸዳ፤ ቅርፊቱ ይነሳ፣ በደረቅ ጎዝ ትንሽ ተጫን ተደርጎ ይጠቅለል። ዙሪያው ከቀላና ካመመ ሴፋሌክሲን 500 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ለ7 ቀን። ብረቱ ራሱ ሲነካ ከተንቀሳቀሰ ግን ክኒን ዋጋ የለውም፤ ይውጣና በሌላ ቦታ ይተካ።

የደም ስኳር ከ180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ይያዝ፤ ስኳር እንዳለበት የማያውቅ በሽተኛ ስለሚኖር ሁሉም ይለካ። ሲጋራ ይቁም። ምግብ ደግሞ የመድኃኒት ያህል ነው፦ ቁስል ለመጠገግ በቀን በኪሎ እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። ለ60 ኪሎ ሰው 90 ግራም መሆኑ ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ብቻ ይይዛል። በጾም ወቅት የሚጾም በሽተኛ ከሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ በብዛት እንዲቀርብለት ከአስታማሚው ጋር ተነጋገሩ፤ የታመመ ሰው እንዲበላ ንስሐ አባቱን ማማከር የሚፈልግ ካለም ጊዜ ስጡት።

ለአስታማሚው የሚነገረው

ከመውጣቱ በፊት አስታማሚውን አስቀምጣችሁ በአፍ ንገሩት፣ መልሶም ይንገራችሁ። ቁስሉ ላይ ቅባት፣ ማር፣ ቅጠል ወይም ከካፕሱል የተፈታ ዱቄት አይደረግም። እግሩ ሲተኛ ከልብ ከፍ ይላል። ፋሻው ከራሰ ወይም ከሸተተ፣ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ፈሳሽ መውጣቱ ካላቆመ፣ ሕመሙ ቀንሶ ከነበረ በኋላ እንደገና ከጨመረ፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ በዚያው ቀን ይመጣል፤ ቀጠሮው አይጠበቅም። ፋርማሲ ሄዶ አሞክሲሲሊን መግዛት አይፈቀድም። ምክንያቱንም ንገሩት፦ ክኒኑ መግሉን ለሁለት ሳምንት ይደብቀዋል፣ ምርመራውንም ያበላሻል።

አንድ ምልክት ግን ደቂቃ አይሰጥም። ሕመሙ ከቁስሉ መልክ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ከባሰ፣ ቆዳው ሲነካ ከሥሩ አየር እንዳለበት ከተንኮሻኮሸ፣ ነሐስ መስሎ ጠቁሮ የሚሸት ቀጭን ፈሳሽ ካወጣ ጋዝ ጋንግሪን ነው። በዚያው ሰዓት ኦፕራሲዮን ይግባ፤ ፔኒሲሊን ጂ 4 ሚሊዮን ዩኒት በየ4 ሰዓቱና ክሊንዳማይሲን 900 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ይጀመር።

ኢንፌክሽን ሲጠረጠር

ከአራት ነገሮች አንዱ ካለ ጥርጣሬ የለም፣ ተረጋግጧል፦ እስከ አጥንቱ ወይም እስከ ብረቱ የሚደርስ ቀዳዳ ወይም የተከፈተ ቁስል፤ ከቁስሉ የሚወጣ ወይም በቀዶ ጥገና የተገኘ መግል፤ ከሁለት የተለያዩ ጥልቅ ናሙናዎች የበቀለ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ፤ በማይክሮስኮፕ በጥልቅ ሥጋ ውስጥ የታየ ባክቴሪያ። ከአራቱ አንዱ ይበቃል። መቅላት፣ መሞቅ፣ ከ38.3 ያለፈ ትኩሳት፣ የማይቆም ፈሳሽ፣ በራጅ የላላ ስክሩ ወይም ያልተጋጠመ አጥንት ጥርጣሬ ናቸው፤ ወደ ምርመራ ይወስዷችኋል።

ሲአርፒ (በደም የሚለካ የብግነት ምልክት) ከቀዶ ጥገና በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጣራ ይነካና በየቀኑ ይወርዳል። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ ሲወርድ ቆይቶ መልሶ የወጣ ሲአርፒ ግን በሽተኛው ደህና ነኝ ቢልም ይታመናል። ኢኤስአር የሚባለው ሌላው የብግነት ምርመራ ለብዙ ሳምንት ከፍ ብሎ ስለሚቆይ በመጀመሪያው ወር አያጣድፋችሁ። ነጭ የደም ሴል ትክክል ሆኖ መገኘቱም ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም፤ ሥር የሰደደው በአብዛኛው ደም ላይ አይታይም።

«ሱፐርፊሻል ነው፣ ክኒን ይውሰድ» የሚለው ፍርድ ብዙ እግር አስቆርጧል። ከሥሩ ብረት ያለበት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ መግል የሚያወጣ ቁስል ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ጥልቅ ነው ተብሎ ይያዝ።

ናሙና አወሳሰድ

ከቁስሉ ላይ በጥጥ የሚጠረግ ናሙና አትላኩ። የሚበቅለው ቆዳ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው፤ በእሱ ላይ የታዘዘ መድኃኒት ከጠላት ጎረቤት ጋር የሚደረግ ጦርነት ነው። በሽተኛው ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ከሌለበት ማንኛውም አንቲባዮቲክ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ይቁም፤ ከዚያ ኦፕራሲዮን ይግባ።

ጠረጴዛው ላይ አምስት ንጹህ ጠርሙስ፣ አምስት ንጹህ ፎርሴፕስና አምስት ምላጭ ተደርድሮ ይጠብቅ። መሣሪያ ካነሰ ነርሷ ከየናሙናው በኋላ ያልተነካ ትስጥ፤ ቆዳውን የነካ ምላጭ ወደ ውስጥ አይገባም። ከብረቱ ሥር፣ ከስብራቱ መካከል፣ ከአጥንቱ ቱቦ፣ ከመግሉ ግድግዳ፣ ደስ ከማይል መልክ ካለው ሥጋ አንዳንድ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ። እያንዳንዱ በየራሱ ጠርሙስ፣ ቦታውና ሰዓቱ ተጽፎበት ይግባ። ፎርማሊን አይጨመር፤ ጀርሙን ይገድለዋል። ፎርማሊን ለፓቶሎጂ የሚሄደው ስድስተኛው ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። ለወራት የቆየ ቁስል ከሆነ አንዱን ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ ላኩ፤ የአጥንት ቲቢ ተመሳስሎ ይመጣል። አምስተኛው ጠርሙስ እንደተዘጋ አኔስቴቲስቱ አንቲባዮቲኩን ይስጥ።

ናሙናው በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ፤ ሰው ይዞት ይሂድ፣ ጠረጴዛ ላይ አይተው። ላቦራቶሪውን ለ7 ቀን፣ ከተቻለ እስከ 14 ቀን እንዲያቆየው ጠይቁ። ውጤቱ ሲመጣ፦ ከአምስቱ አንዱ ብቻ የቆዳ ስታፊሎኮከስ ካበቀለ ምናልባት ከእጅ የገባ ነው፤ ሁለትና ከዚያ በላይ አንድ ዓይነት ካበቀሉ እሱ ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ግን በአንዱም ቢገኝ በዋዛ አይታይ።

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና

ጥያቄው ብረቱ ይቆይ ወይስ ይውጣ ነው። ብረቱ የጸና፣ አጥንቱ በትክክል የተቀመጠ፣ ቆዳ የሚሸፍነው ከሆነ፣ ከቀዶ ጥገናውም ገና ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ከሆነ ታጥቦና ተቆርጦ ብረቱ ሊቆይ ይችላል። ከ10 ሳምንት ካለፈ ባዮፊልሙ ጠንክሯል፤ አጥንቱ ከገጠመ ብረቱ ይውጣ፣ ካልገጠመ ይቀየር። የላላ ብረት ግን በየትኛውም ሳምንት ይውጣ። ኔይል ሲወጣ የአጥንቱ ቱቦ ከነበረው ኔይል በ1 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ ይሞረድና ይታጠብ፤ ታችኛው ጫፍ ላይ ለውኃው መውጫ ቀዳዳ ይከፈት።

የወጣው አጥንት የሚተወው ባዶ ቦታ ደም ሞልቶት የባክቴሪያ ጎጆ ይሆናል። 40 ግራም የአጥንት ሲሚንቶ ከ2 ግራም የቫንኮማይሲን ዱቄት ጋር በደረቁ አዋህዱ፤ ከዚያ ፈሳሹን ጨምሩ፤ ሊጥ ሲሆን ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ድቡልቡል እያደረጋችሁ በሽቦ ላይ እንደ መቁጠሪያ ሰኩት። ቁጥሩን በኦፕራሲዮን ሪፖርቱ ጻፉ፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ሲወጣ ተቆጥሮ ይወጣል።

መድኃኒቱ

ውጤት እስኪመጣ ቫንኮማይሲን 15 ሚሊ ግራም በኪሎ በየ12 ሰዓቱ ከሴፍታዚዲም 2 ግራም በየ8 ሰዓቱ ጋር ይሰጥ፤ በሆስፒታሉ ሴፋሎስፖሪን የሚቋቋሙ እንደ ክሌብሲዬላ ያሉት ከበዙ በሴፍታዚዲሙ ፋንታ ሜሮፔነም 1 ግራም በየ8 ሰዓቱ። ቫንኮማይሲን 1 ግራሙ ከአንድ ሰዓት ባነሰ አይለቀቅ፤ ፊትና አንገት ይቀላል፣ ግፊት ይወርዳል። የኩላሊት ምርመራው ክሪያቲኒን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታይ። ውጤቱ ተራ፣ ማለትም ለክሎክሳሲሊን የሚበገር ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ካለ ወዲያው ወደ ክሎክሳሲሊን 2 ግራም በየ6 ሰዓቱ ወይም ወደ ሴፋዞሊን ተመለሱ፤ እዚህ ላይ ቫንኮማይሲን ከእነሱ ይደክማል።

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ 1054 በሽተኞችን ያየው ጥናት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በትክክል የተመረጠ የሚዋጥ መድኃኒት ከመርፌ እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ ቁስሉ ከደረቀና ሲአርፒ ከወረደ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ወደሚዋጠው መሻገር ይቻላል፤ ለገጠር በሽተኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። «በትክክል የተመረጠ» የሚለው ይሰመርበት፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን 750 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ወይም ክሊንዳማይሲን፣ ባክቴሪያው የሚበገርላቸው ከሆነ፣ አጥንት ይደርሳሉ። የሚዋጥ ክሎክሳሲሊን ለዚህ ደካማ ነው። ሲፕሮን ከወተት፣ ከብረት ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይውሰድ፤ የተረከዝ ጅማት ካመመው ያቁም።

ብረቱ የቆየለትና ባክቴሪያው ስታፊሎኮከስ የሆነ በሽተኛ ሪፋምፒሲን 450 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ሊጨመርለት ይችላል፤ ባዮፊልም ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው። ብቻውን ፈጽሞ አይሰጥም። ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ድሬይን ሳይወጣም አይጀመርም፤ በቀናት ውስጥ ይለመዳል። ከመጀመሩ በፊት ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ይጠየቅ፣ የደረት ራጅ ይታይ፤ ያልታወቀ ቲቢ ላይ በዚህ መልክ የተሰጠ ሪፋምፒሲን የአገሪቱን ዋና የቲቢ መድኃኒት ያበላሻል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን ያከሽፋል፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ዶሉቴግራቪሩ በቀን ሁለት ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ይሆንለታል። ሽንት ብርቱካንማ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ያልተነገረው በሽተኛ ደም መስሎት ያቋርጣል።

ብረት የቆየለት በአጠቃላይ 12 ሳምንት፣ ብረት የወጣለት 6 ሳምንት ይወስዳል።

ክትትል

በ2ኛውና በ6ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ይታይ። በየቀጠሮው ቁስሉ ይዳሰስ፣ ሲአርፒ ይለካ፤ ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ ራጅ ይነሳ። ከሁሉ በላይ መድኃኒቱ ካበቃ በኋላ ያሉት ወራት ይጠበቁ፤ የተደበቀው የሚወጣው ያኔ ነው። አጥንቱ ከገጠመና መግል ከተመለሰ ብረቱ ይውጣ፣ ናሙና እንደገና ይወሰድ።

ሲወጣ በእጁ የሚይዘው ወረቀት ላይ ይህ ይጻፍ፦ የተሰበረበትና የታጠበበት ቀን፣ የገባው ብረት ዓይነትና መጠን፣ የበቀለው ባክቴሪያና የሚበገርላቸው መድኃኒቶች፣ የተጀመረበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ያልወጣ የሲሚንቶ ድቡልቡል ካለ ብዛቱ። ከዚያ አስታማሚው ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ ያንሳው፤ ወረቀቱ በመንገድ ቢጠፋም የሚቀጥለው ሐኪም ከፎቶው ያነባል።